80 ቤት ያላት ትንሽ ደሴት ራሷን እንድትችል ከየት ይጀመር? ውሃ፣ መብራት፣ ሽንት ቤት፣ ቆሻሻ

መቅዘፊያ፦
ሰላም ለሁላችሁ። አንዲት ደሴት በወረቀት ላይ እናስቀምጥ። 80 ቤት፣ 320 ሰው፤ መሬቷ ዝቅ ያለ የኮራል (የባሕር ውስጥ ጥቃቅን ፍጥረታት የሚሠሩት ድንጋይ) አሸዋ፤ ዝናቧ በዓመት 1,200 ሚሊ ሜትር፣ ከዚያ ውስጥ 4 ወር ድርቅ ያለ በጋ። መብራቱ ከአንድ ባለ 100 ኪሎዋት የናፍጣ ጄኔሬተር ነው። ውሃው ከእጅ ጉድጓድ ይቀዳል፣ ሽንት ቤቱም ያው ተራው ጉድጓድ ነው። ዕቃ ጫኝ ጀልባ የምትመጣው በሁለት ሳምንት አንዴ ነው። ገንዘቡ ሁሉንም ባንድ ጊዜ አያሠራም። ሰው ሁሉ «ሶላር ትከሉ» ብሎ ይጀምራል። እናንተ ቅደም ተከተሉን እንዴት ታደርጉታላችሁ? ቁጥር ያለው መልስ ብታመጡ ደስ ይለኛል፤ «ተፈጥሮን እንጠብቅ» የሚለውን ሁላችንም ሰምተነዋል።

ጠብታ፦
ውሃ ይቀድማል። መብራት ቢጠፋ ሰው በጨለማ ያመሻል፤ ጉድጓዱ ጨው ከገባው ግን ደሴቲቱ ላይ የሚያኖር ነገር የለም።

በኮራል አሸዋ ውስጥ የዝናቡ ውሃ ስለሚቀል፣ ከባሕሩ ውሃ ላይ ተንሳፎ ነው የሚቀመጠው። ጊበን-ሄርዝበርግ በሚባለው ስሌት መሠረት የጉድጓዱ ውሃ ከባሕር ጠለል 1 ሜትር ከፍ ካለ፣ ከጠለሉ በታች 40 ሜትር ያህል ጣፋጭ ውሃ አለ። ይህ ደስ ይላል፤ ግን ሲቀንስም በዚያው ልክ ነው። ፓምፑ የጉድጓዱን ውሃ 10 ሳንቲ ሜትር ዝቅ ካደረገው፣ ጨዋማው ከሥር 4 ሜትር ያህል ሽቅብ ሊመጣ ይችላል። በእንዲህ ያሉ ዝቅተኛ ደሴቶች ከፍታው ራሱ ብዙ ጊዜ ከግማሽ ሜትር ስለማይበልጥ፣ አንድ ጉልበተኛ ፓምፕ በአንድ በጋ ጉድጓዱን ያበላሸዋል። ጨው የገባው ጉድጓድ ደግሞ ባንድ ዝናብ አይመለስም።

ስለዚህ ከሶላሩ በፊት የሚገዛው በእጅ የሚያዝ የኤሌክትሪክ አስተላላፊነት መለኪያ ነው፤ ውሃ ጨው በጨመረ ቁጥር ኤሌክትሪክ ይበልጥ ያስተላልፋል። ሁሉም ጉድጓድ በወር አንዴ፣ በበጋ በየሳምንቱ ይለካ፤ መዝገብ ላይ ይጻፍ። በፓስፊክ ደሴቶች እንደ ላይኛ ገደብ የተለመደው በሳንቲ ሜትር 2,500 ማይክሮሲመንስ ነው። ንባቡ 1,500 ሲያልፍ መቅዳት ይቀነስ፤ 2,500 ላይ ይቁም።

አቀዳዱም ይለወጥ። አንድ ጥልቅ ጉድጓድ ከመቆፈር ይልቅ፣ ከውሃው ወለል ጥቂት ዝቅ አድርጎ ባለ 100 ሚሊ ሜትር የተበሳ ቧንቧ በአግድም መቅበር ነው። ዙሪያውን ጠጠር፣ ከጠጠሩ ውጭ አሸዋ አግዶ ውሃ የሚያሳልፍ ጂኦቴክስታይል ጨርቅ፤ ውሃው መሐል ላይ ባለ ማጠራቀሚያ ጉድጓድ ይሰበሰባል። ትንሽ ፓምፕ ቀኑን ሙሉ በዝግታ ይሳብ እንጂ ትልቅ ፓምፕ ለ2 ሰዓት አይቅዳ። በኪሪባቲ፣ ደቡብ ታራዋ ላይ የቦንሪኪ የውሃ ክልል የሚሠራው በዚሁ ዘዴ ነው።

አሸንዳ፦
እህት ጠብታ ያለችው ላይ ልጨምር። የመጠጡና የማብሰያው ውሃ ከጣሪያ ይምጣ፤ ጉድጓዱ ለገላና ለልብስ ይቅር። 1 ሚሊ ሜትር ዝናብ 1 ካሬ ሜትር ላይ ሲያርፍ 1 ሊትር ነው። 60 ካሬ ሜትር ቆርቆሮ በ1,200 ሚሊ ሜትር፣ ሃያ በመቶው ባከነ ብንል፣ በዓመት 57,600 ሊትር ይሰጣል። በቀን 158 ሊትር፣ አራት ሰው ላለበት ቤት ለእያንዳንዱ 39 ሊትር መሆኑ ነው። ለሁሉ ነገር አይበቃም፤ ለመጠጥና ለማብሰያ ግን ይተርፋል።

የታንከሩን መጠን የሚወስነው የዓመቱ ዝናብ አይደለም፣ በጋው ነው። 4 ሰው፣ በቀን 20 ሊትር፣ 120 ቀን፦ 9,600 ሊትር። ስለዚህ ባለ 10,000። ባለ 5,000 የገዛ ቤት በበጋው አጋማሽ ባዶ ታንከር ያንኳኳል።

አሸንዳው በየ1 ሜትሩ 1 ሳንቲ ሜትር ዝቅ እያለ ይሂድ። ስፋቱ ተቆርጦ ከፊት ሲታይ ለእያንዳንዱ ካሬ ሜትር ጣሪያ 1 ካሬ ሳንቲ ሜትር ይኑረው፤ ለ60 ካሬ ሜትር 60 ካሬ ሳንቲ ሜትር ማለት ነው። ከዚህ ካነሰ ኃይለኛው ዝናብ፣ ማለትም ብዙ ውሃ የሚሰጠው ዝናብ፣ በላዩ ዘሎ መሬት ይወርዳል። ጣሪያው ላይ እርሳስ (ሊድ የሚባለው መርዛማ ብረት) ያለበት ቀለም ወይም መሸፈኛ ካለ የዚያ ቤት ውሃ አይጠጣ፤ ማፍላትም ክሎሪንም እርሳስን አያወጣም።

ጎሚት፦
ብዙ ቦታ የሚበላሸው የመጀመሪያውን ቆሻሻ ውሃ የሚጥለው ክፍል ነው። ከ60 ካሬ ሜትር ጣሪያ የመጀመሪያውን 1 ሚሊ ሜትር ለመጣል 60 ሊትር መያዝ አለበት። ሰው በባለ 110 ሚሊ ሜትር ቧንቧ ይሠራዋል፤ ይህ ቧንቧ በ1 ሜትር ርዝመት የሚይዘው 8 ሊትር ተኩል ገደማ ነው። 7 ሜትር ቧንቧ የሚቆምበት ቤት የለም፤ ስለዚህ 1 ሜትር ተኩል አቁመው «ሠርተናል» ይላሉ፤ የወፉ ኩስ ታንከር ይገባል። 60 ሊትር የሚይዝ በርሜል ይሁን። ከታች ቆቡ ላይ 2 ወይም 3 ሚሊ ሜትር ቀዳዳ ይበሳ፤ በርሜሉ ከዝናቡ በኋላ በራሱ ቀስ ብሎ ይፈስሳል። ቀዳዳው በቅጠል ከተደፈነ በርሜሉ ሞልቶ ይቀራል፣ የሚቀጥለው ዝናብ ከነቆሻሻው በቀጥታ ታንከር ውስጥ ነው። ስለዚህ ቆቡ በእጅ የሚፈታ ይሁን፤ በወር አንዴ ይታጠብ።

የታንከሩ መቅጃ ከወለሉ ከ10 እስከ 15 ሳንቲ ሜትር ከፍ ይበል፤ ዝቃጩ ከታች ይቅር። መግቢያውም መውጫውም ከ1 ሚሊ ሜትር በጠበበ ወንፊት ይሸፈን፤ አለዚያ ታንከሩ የወባ ትንኝ መፈልፈያ ነው።

አሸንዳ፦
ትክክል። ክሎሪኑን ደግሞ እኔ ልጨምር፦ ለሙሉ 10,000 ሊትር ንጹሕ ውሃ፣ 5 በመቶ የሆነ ሽታ የሌለው በረኪና 400 ሚሊ ሊትር። ይህ በሊትር 2 ሚሊ ግራም ነው። ከ30 ደቂቃ በኋላ ሲለካ ከ0.2 እስከ 0.5 ሚሊ ግራም ቀርቶ መገኘት አለበት። ምንም ካልቀረ ወይ ውሃው ቆሽሿል ወይ በረኪናው አርጅቷል፤ በሙቀት የተቀመጠ በረኪና በጥቂት ወራት ኃይሉን ያጣል።

ባለ ባሕር፦
ወገኖች፣ ዙሪያው ሁሉ ባሕር ሆኖ ስለ አሸንዳ ነው የምንከራከረው? የባሕር ውሃ ጨው የሚለይ ማሽን ይተከልና ይለቅ።

ቡሎንና ዳዶ፦
ወንድሜ፣ ማሽኑ ያስፈልጋል፤ ግን ለክፉ ቀን ነው። የባሕር ውሃ በሜምብሬን (ውሃውን አሳልፎ ጨዉን በሚያስቀር ስስ ሽፋን) ለማለፍ ከ55 እስከ 70 ባር ግፊት ይፈልጋል። ትልልቆቹ ጣቢያዎች የግፊቱን ጉልበት መልሰው ስለሚጠቀሙ ለ1 ሜትር ኩብ ከ3 እስከ 4 ኪሎዋት ሰዓት ይበቃቸዋል፤ ያ ክፍል የሌለው ትንሽ ማሽን ግን ከ6 እስከ 10 ይበላል። በቀን 5 ሜትር ኩብ ካመረተ 40 ኪሎዋት ሰዓት ገደማ ሄደ።

የሚሞተውም በሦስት ምክንያት ነው። ውሃውን ከባሕሩ ላይ በቀጥታ ከቀዳችሁ ሜምብሬኑ በአልጌና በጥቃቅን ሕይወት ይደፈናል፤ በባሕር ዳር አሸዋ ውስጥ ከተቆፈረ ጉድጓድ ቅዱ፣ አሸዋው ራሱ ያጣራል። ክሎሪን የነካው ሜምብሬን ይበላሻል፣ መድኃኒት የለውም። ከጥቂት ቀናት በላይ የሚቆም ከሆነ ደግሞ በጣፋጭ ውሃ ታጥቦ 1 በመቶ ሶዲየም ሜታባይሰልፋይት ውስጥ ይቀመጥ። ዝናብ መጣ ተብሎ ዝም ብሎ የተዘጋ ማሽን በሚቀጥለው በጋ ሲከፈት የሸተተ ሜምብሬን ነው የሚገኘው። ተረፈ ጨዉ ከባሕሩ አንድ ጊዜ ተኩል ይጨዋል፤ ውሃው ወደማይንቀሳቀስ ሐይቅ ሳይሆን ሞገድ ወዳለበት ወገን ይፍሰስ።

ብስባሽ፦
ስለ ጉድጓዱ ስታወሩ ሽንት ቤቱን ዘለላችሁት፤ ሁለቱ አንድ ነገር ናቸው። «ከጉድጓዱ 30 ሜትር ይራቅ» የሚለው መመሪያ ለኮራል አሸዋ አይበቃም፤ ውሃው በፍጥነት ስለሚያልፍበት መሬቱ ለማጣራት ጊዜ አያገኝም። ጠባብ ደሴት ላይ ደግሞ ሁሉም ነገር ከሁሉም ጉድጓድ ቅርብ ነው።

የሚሻለው ሽንትን ለይቶ የሚያወርድ፣ ውሃ የማይፈልግ፣ ከመሬት በላይ የተሠራ ባለ ሁለት ክፍል ሽንት ቤት ነው። ለአራት ሰው እያንዳንዱ ክፍል ከ0.5 እስከ 0.6 ሜትር ኩብ ይበቃል፤ አንዱ በዓመት ይሞላል፣ ከዚያ ተዘግቶ ዓመት ይቀመጣል። ከእያንዳንዱ አጠቃቀም በኋላ አንድ ወይም ሁለት ኩባያ አመድ ይነስነስ። ሙቀት ባለበት አገር ከ1 ዓመት በላይ ማስቀመጥ፣ ወይም በአመድና በኖራ ፒኤቹ (የአሲድነት መለኪያው፤ 7 መሐል ነው፣ ከዚያ በላይ አሲድ አይደለም) ከ9 በላይ ከሆነ 6 ወር ማስቀመጥ የሚመከር ልክ ነው። የሸተተ ሁሉ እርጥብ ሆኖ ነው። ወይ ሽንት ገብቶበታል፣ ወይ የመታጠቢያ ውሃ። በውሃ ለሚታጠብ ሰው ለብቻው ቀዳዳ ካልተሠራለት ሽንት ቤቱ በወር ይበላሻል።

የሽንቱ ቧንቧ ፕላስቲክ ይሁን፤ ብረቱን ሽንቱ ይበላዋል። ከ50 ሚሊ ሜትር አይጥበብ፣ ቁልቁለት ይኑረው፣ ክርን አይብዛበት። ጠጥሮ ሲደፈን ጠንካራ የኮምጣጤ አሲድ ይፈታዋል። ማጠራቀሚያው ክድን ይሁን፣ የሚተነው አሞኒያ ማዳበሪያው ራሱ ነውና። አንድ ሰው በዓመት ወደ 500 ሊትር ሽንት ይሰጣል፤ በውስጡ ከ2 እስከ 4 ኪሎ ናይትሮጅን አለ። በአንድ እጅ ሽንት ከ3 እስከ 10 እጅ ውሃ ተቀላቅሎ፣ ቅጠል ሳይነካ አፈሩ ላይ ይፈስሳል።

ጠብታ፦
ብስባሽ፣ እዚህ ላይ አንድ ነገር። ያ ሁሉ ናይትሮጅን አንድ ማሳ ላይ ቢደፋ ወደ ጉድጓዱ ይወርዳል። በመጠጥ ውሃ ውስጥ የናይትሬት ገደብ በሊትር 50 ሚሊ ግራም ነው፤ ካለፈ በዱቄት ወተት ለሚያድጉ ሕፃናት አደገኛ ነው። መቅጃው ባለበት ክልል ሽንት አይፍሰስ፣ እርሻም አይኑር።

ብስባሽ፦
እስማማለሁ፤ ክልሉ በካርታ ይለይ። ስለ አፈሩ አንዴ ልበልና ልተወው። የኮራል አፈር ፒኤቹ 8 አካባቢ ስለሆነ ተክሉ ብረት፣ ማንጋኒዝና ዚንክ ያጣል፤ የአዲሱ ቅጠል ጅማቶች አረንጓዴ ሆነው በመካከላቸው ያለው ቢጫ ይሆናል። ብረት ሰልፌት ብትጨምሩ ወዲያው ይታሰራል፣ ገንዘብ ማባከን ነው። በእንዲህ ያለ አፈር ላይ የሚሠራው ብዙ ብስባሽ ነው። የባሕር አረም የሚጨመርበት ከሆነ አስቀድሞ ጨዉን ዝናብ ይጠበው።

ፀረ ናፍጣ፦
አሁን ወደ መብራቱ። 80 ቤት በቀን 5 ኪሎዋት ሰዓት ቢወስዱ 400 ነው። ጥሩ ጭነት ላይ ያለ ጄኔሬተር ለ1 ኪሎዋት ሰዓት 0.3 ሊትር ያህል ስለሚያቃጥል በቀን 120 ሊትር፣ በዓመት ከ43,000 በላይ። ይኸውም ጭነቱ ጥሩ ከሆነ ነው! 400 ሲካፈል ለ24 በአማካይ 17 ኪሎዋት ነው፤ ባለ 100 ጄኔሬተር በ17 በመቶ ጭነት ይሠራል ማለት ነው። ከ30 በመቶ በታች ሲቆይ ናፍጣው በደንብ አይቃጠልም፤ ሳይቃጠል የቀረው ጭስ ማውጫው ውስጥ ይጠራቀማል፣ ሞተሩ ጥላሸት ይለብሳል፣ ዘይቱ ይቀጥናል።

ሶላሩ፦ በቀን 4 ሰዓት ተኩል ሙሉ ፀሐይ፣ ብክነቱ ሲቀነስ 1 ኪሎዋት ፒክ ፓኔል (በሙሉ ፀሐይ 1 ኪሎዋት የሚያወጣ) ወደ 3.4 ኪሎዋት ሰዓት ይሰጣል። 118 ኪሎዋት ፒክ ለአማካይ ቀን ይበቃል፤ ለደመናና ለባትሪ ብክነት 160 ይተከል። ከ400ው ከግማሽ በላዩ በማታ የሚበላ ነው፣ 220 ኪሎዋት ሰዓት ያህል። ሊቲየም ብረት ፎስፌት ባትሪ ሰማንያ በመቶው ብቻ ቢሠራበት 275 ይሆናል፤ 400 ቢተከል ተጨማሪ ትንፋሽ ይሰጣል።

መቶ በመቶ ፀሐይ አይሞከር። ከ85 እስከ 90 በመቶ ላይ ቁሙ፤ ለቀሪዎቹ ጥቂት የደመና ቀናት ሲባል ባትሪው እጥፍ ሊሆን ይችላል።

መቅዘፊያ፦
ጥሩ። ግን ባትሪው ይህን ያህል ከሆነ ውሃ ወደ ላይ ገፍቶ ማታ ተርባይን ማዞር አይሻልም? በስፔን ካናሪ ደሴቶች ውስጥ ባለችው ኤል ሂየሮ ላይ እንደተሠራው።

ቡሎንና ዳዶ፦
ለዚች ደሴት አይሆንም፤ በመጀመሪያ ከፍታ የላትም። 1 ሜትር ኩብ ውሃ ከ100 ሜትር ሲወርድ 0.27 ኪሎዋት ሰዓት ብቻ ነው። 400 ለማስቀመጥ፣ ብክነቱ ታስቦ፣ ከ1,800 ሜትር ኩብ በላይ ማጠራቀሚያ ከላይም ከታችም ያስፈልጋል። ኤል ሂየሮ ተራራ ናት፤ በ2014 የተመረቀው ጣቢያ 11.5 ሜጋዋት የነፋስ ተርባይንና 11.3 ሜጋዋት የውሃ ኃይል አለው፤ ያም ሆኖ በዓመት አማካይ ደሴቲቱ ከምትጠቀመው መብራት ከነፋሱ የሚገኘው ግማሽ ገደማ ነው። ነፋስ ለሳምንታት ሲቆም ማጠራቀሚያው አይበቃም፣ ናፍጣው ይነሣል።

ለ80 ቤት የሚበጀው ምሳሌ በስኮትላንድ ያለችው ኤግ ናት። ነዋሪዎቿ በ1997 ደሴቲቱን ራሳቸው ገዟት፤ ከ2008 ጀምሮ ውሃ፣ ነፋስና ፀሐይን አጣምራ በራሷ መስመር ትጠቀማለች። ሥራውን የሠራው ከመሣሪያው ይልቅ ደንቡ ይመስለኛል፦ እያንዳንዱ ቤት ባንድ ጊዜ ከ5 ኪሎዋት፣ ድርጅት ከ10 በላይ መሳብ አይችልም። ትርፉ ደግሞ የጋራ ሕንጻዎችን ያሞቃል። እዚህ በቀን 5 ኪሎዋት ሰዓት ለታሰበለት ቤት ባለ 10 አምፔር መቁረጫ፣ ማለትም 2.3 ኪሎዋት፣ ይበቃል። ገደቡ ከመጀመሪያው ቀን ይተከል። ሰው አንዴ ትልቅ የውሃ ማሞቂያ ከገዛ በኋላ ገደብ ማምጣት ጠብ ማምጣት ነው።

ፀረ ናፍጣ፦
ትርፉ ላይ ስንደርስ፦ ባትሪው ሲሞላ ኢንቨርተሩ (የባትሪውን ኃይል ወደ ቤት መብራት የሚለውጠው) የመብራቱን ፍሪኩዌንሲ፣ ማለትም በሰከንድ የሚወዛወዝበትን ቁጥር፣ ከ50 ወደ 52 ኸርዝ ከፍ እያደረገ የፓኔሎቹን ምርት ይቀንሳል። በዚህ መሐል ወደ 50.5 ላይ የሚነሣ ሪሌ (በራሱ የሚበራና የሚጠፋ ማብሪያ) አስገቡና የጉድጓዱን ፓምፕና የጨው መለያውን ማሽን አስነሡበት። ቀን የሚባክነው ፀሐይ ውሃ ሆኖ ይቀመጣል፤ ከባትሪ በጣም ይረክሳል።

ቡሎንና ዳዶ፦
ሁሉን ነገር የሚገድለው ጨው ያለው አየር ነው። የአሉሚኒየም መደርደሪያ ላይ ተራ ብረት ቡሎን ከታሰረ አሉሚኒየሙ ይበላል። ቡሎኑም ዳዶውም 316 የሚባለው ስቴንለስ (የማይዝግ ብረት) ይሁን፤ 304 የሚባለው ዓይነት ባሕር ዳር ይዝጋል። በመካከል የናይሎን ሮንዴላ ይግባ። ገመዱ ቆርቆሮ የተቀባ መዳብ ይሁን። ኢንቨርተሩ ከባሕሩ ወገን ባልሆነ ግድግዳ፣ ጥላ ባለው ክፍል ይሰቀል። የፓኔል ማያያዣዎች (ኤምሲ4 የሚባሉት) ከሁለት የተለያዩ አምራቾች አይጋጠሙ፤ ይገባሉ፣ ግን ውስጣቸው በደንብ ስለማይነካካ ይሞቃሉ፣ እሳት የሚነሣውም ከዚያ ነው።

አንድ ትልቅ ኢንቨርተር ከመግዛት ሦስት አነስተኛ አንድ ዓይነት ይገዙ። አንዱ ሲቃጠል ደሴቲቱ በሁለቱ ትኖራለች፤ ጀልባዋ የምትመጣው በሁለት ሳምንት መሆኑን አንርሳ። መጋዘን ውስጥ ፊውዝ፣ የመብረቅ መከላከያ፣ የፓምፕ ሲል (ውሃ እንዳያፈስ የሚያትመው ጎማ) እና አንድ ትርፍ ማራገቢያ ካልተቀመጡ ሥራው አላለቀም።

ሪፍ፦
ስለ ሲሚንቶ ሥራው አንድ ማስጠንቀቂያ፦ አሸዋ ከባሕር ዳር አይወሰድ። ጨው ያለው አሸዋ ሲሚንቶው ውስጥ ያለውን ፌሮ ብረት ያዝገዋል፣ ታንከሩ በጥቂት ዓመት ይሰነጠቃል፤ ዳርቻውም ይሸረሸራል። ፓሮትፊሽ የሚባለው ዓሣ ኮራል እየቆረጠመ አሸዋ የሚያወጣ ነው፤ እሱን አጥምዶ መጨረስ የባሕር ዳሩን አሸዋ ምንጭ መቁረጥ ነው። ከሪፉ (በደሴቲቱ ዙሪያ ባሕሩ ውስጥ ካለው የኮራል ክምር) አንዱ ክፍል ለዘለቄታው የማይጠመድበት ይሁን። በየዓመቱ የሚከፈትና የሚዘጋ ክልል ብዙ አይጠቅምም፤ በተከፈተ ሳምንት የተጠራቀመው ሁሉ ይወጣል።

ጎሚት፦
ቆሻሻውን ማንም አላነሣም። ጀልባዋ ሞልታ መጥታ ባዶ ትመለሳለች፤ መፍትሔው እዚያ ነው። ለጣሳና ለጠርሙስ ሲገባ መያዣ ይከፈል፣ ሲመለስ ትንሽ ተቀንሶ ይመለስ፤ ልዩነቱ ለሰብሳቢውና ለመጭመቂያው ማሽን ይሁን። ኪሪባቲ ለጣሳ በዚህ መንገድ ነው የሄደችው። የሊቲየም ባትሪ ግን ሌላ ነው፦ ሲጎዳ አደገኛ ጭነት ስለሚባል ማንም ጀልባ በቀላሉ አይጭነውም። ሻጩ አርጅቶ ሲወጣ እንደሚወስደው በግዢው ውል ላይ ይጻፍ። ከተገዛ በኋላ የሚለምን እናንተ ናችሁ።

መቅዘፊያ፦
ቅደም ተከተሉ ታየኝ፦ መለኪያና አሸንዳ፣ ሽንት ቤት፣ የመብራት ገደብ፣ ከዚያ ሶላር። አንድ ጥያቄ ቀረኝ። ያለው ባለ 100 ጄኔሬተር ይሸጥና አነስተኛ ይገዛ?

ፀረ ናፍጣ፦
አይሸጥ፤ ባትሪ ከገባ ትልቅነቱ ይጠቅማል። በደመና ቀን በ70 ኪሎዋት ለ4 ሰዓት ይሥራ፤ 280 ኪሎዋት ሰዓት ለቤቶቹና ለባትሪው ሰጥቶ ይጥፋ። ለዚህ የኢንቨርተሮቹ የመሙላት አቅም በድምሩ ቢያንስ 50 ኪሎዋት ይሁን፤ ሲገዛ የሚረሳው ቁጥር ይህ ነው።

ቡሎንና ዳዶ፦
አንድ ጥንቃቄ፦ ለዓመታት በ17 በመቶ የሠራ ሞተር ጭስ ማውጫው በዘይትና በጥላሸት የተሞላ ነው። ባንድ ጊዜ ወደ 70 ከወሰዳችሁት ውስጡ ያለው ሊቀጣጠል ይችላል። በፊት ጭስ ማውጫው ተፈትቶ ይጠረግ፤ ከዚያ 30፣ 50፣ 75 በመቶ እያለ፣ በየደረጃው አንድ ሰዓት ያህል ቆይቶ ይውጣ፤ አጠገቡ የእሳት ማጥፊያ ይቁም። ከዚያ በኋላ በወር አንዴ ለአንድ ሰዓት በጭነት ይነሣ፣ ያለ ጭነት ማስነሣት አይጠቅመውም። የናፍጣው ታንከር ሁልጊዜ ሙሉ ይሁን፤ ግማሽ ባዶ ታንከር ውስጥ እርጥበት ውሃ ሆኖ ከሥር ይጠራቀማል፣ ናፍጣው ላይ ዝቃጭ ይበቅልና ፊልትሮውን ይደፍናል። ከሥር ያለችውን የውሃ ማፍሰሻ ከእያንዳንዱ ማስነሣት በፊት ክፈቷት፤ ንጹሕ ናፍጣ እስኪመጣ።